እግሬን የረሳሁበት ጠዋት

ጥቅምት 9

ለጭራሮዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የሞላ፣ እንቅልፍሽ የሰፋ፣ ከክፉ ሰውም ከክፉ ብርድም የተጠበቅሽ ሁኚልኝ። እኔ አክስትሽ ደህና ነኝ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ቀኝ እግሬን ትራስ በትራስ ላይ ሰቅዬ፣ እንደ ባለሥልጣን ሚስት ሻይ በትሪ እየመጣልኝ ነው የምጽፍልሽ። የሚያመጣልኝ ጎረቤቴ ጋሽ መምህር ናቸው። ስኳሩን ያበዙታል፣ አልናገራቸውም።

ተነሳልኝ እኮ! ከአውራ ጣቴ ሥር ጎልቶ የኖረው አጥንት፣ እናቴ ነፍሷን ይማርና «የቤተሰባችን ጉልላት» እያለች ስትቀልድበት የኖረችው፣ እሷም ተሸክማው ያለፈችው፣ ትናንት ጠዋት ተቃና። ሐኪሙ አጥንቱን ቆርጠው፣ ወደ ቦታው ገፋ አድርገው፣ በብሎን አሰሩት።

«ብሎን?» አልኳቸው።

«ትናንሽ ናቸው፣ አይታወቅዎትም» አሉኝ።

የስፌት መኪናዬን ብሎን ሳጠብቅ ኖሬ፣ ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ።

የማደንዘዣው ነገር መሰለኝ፣ ክፍሉ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። መጋረጃው ሲነፋ አብሬው እነፋለሁ፣ ሲሟሽሽ አብሬው እሟሽሻለሁ። ዓይኔን ስከድን እግሬ ከእኔ ተነጥሎ በመስኮት ሲወጣ አየዋለሁ። በጣራዎቹ ላይ ይሄዳል። አያነክስም። «ስትጠግብ ተመለስ» እለዋለሁ።

ሕመም እንደሆነ የለም። የቁንጫ ንክሻ በይው። ይህ ሁሉ የሆነው አንቺ ስለነዘነዝሽኝ ነው። «እቴቴ፣ ይበቃሻል፣ ታከሚ» እያልሽ ዓመት ሙሉ ባትጨቀጭቂኝ እስከ መቃብሬ አነክስ ነበር። እናትሽ ትታሽ ስታልፍ እኔ አሳደግኩሽ፣ አሁን ደግሞ አንቺ አቃናሽኝ። ተባረኪ፣ እርምጃሽ ሁሉ ይቅናልሽ።

ለምን አትደውይም እንዳትይኝ። ስልክ ላይ እጮሃለሁ፣ ግቢው ሁሉ ይሰማኛል። ወረቀት ግን ዝም ብሎ ያዳምጣል።

አክስትሽ


ኅዳር 14

ለውዷ እቴቴ፣

ሁሉም ሰው ከራስ ፀጉር ጀምሮ ነው ሰላም የሚለው፤ እኔ ዛሬ ከእግርሽ ጣት ጀምሬ ወደ ላይ እወጣለሁ። እንዴት ነሽልኝ? እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን የደንብ ልብሴ ኪስ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። ሙዚየሙ ውስጥ አሁን የባሕር ሥዕሎቹን አዳራሽ ሰጥተውኛል። አራቱም ግድግዳ ውሃ ነው። ጠዋት ሰው ሳይገባ ብርሃኑ ከጣራው መስታወት ይወርድና ወለሉ ላይ ይተኛል፣ እንጨቱም ማንም ሳይረግጠው ይንቋቋል። የእኔ ሥራ መቆም ነው። ሰው ሥዕል እንዳይነካ፣ ልጅ እንዳይሮጥ፣ እየቆምኩ አያለሁ። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ሞገዱ የሚነቃነቅ ይመስለኛል፤ እኔም ጭልጥ ብዬ ሄጄ «ይቅርታ፣ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው?» የሚል ሰው ይመልሰኛል።

በሩ አጠገብ አንዲት የእብነ በረድ ሴት ቆማለች፣ በባዶ እግሯ። አውራ ጣቷ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። «የአክስቴም እግር አሁን እንዳንቺ ሆኗል» ብዬ ነገርኳት።

እቴቴ፣ እስኪ በዝርዝር ጻፊልኝ። የመጀመሪያው ሰሞን እንዴት ነበር? ጫማ መቼ ገባልሽ? ቆሞ መዋልስ? ማታ ማታ ያብጣል? ምን አደረቃት አትበይኝ፣ ያንቺ ወሬ ናፍቆኝ ነው።

ቀይ ጫማ ልኬልሻለሁ። ፊቱ ጠበብ ያለ፣ ለስላሳ ቆዳ ነው። ጫማሽን በምላጭ ቀደሽ አጥንትሽን ስታስተነፍሺ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ በሱቁ መስኮት ሳየው ማለፍ አቃተኝ። ልክ ሆነልሽ እንዴ? አድርገሽው የት የት ሄድሽ?

ጭራሮሽ


ጥር 22

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፈጣሪ በያለሽበት ጥላ ይሁንሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጋሽ መምህርም ደህና ናቸው፣ ሰላም ይሉሻል።

መልሱ ስለቆየብሽ አትቀየሚ፣ እንግዳ ሲመላለስ ነው የከረመው። እግሬን ያላየ ሰው የለም። ጫማው ደርሶኛል። እንዴት ያለ ቀይ ነው! ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ቤቱ ይሞቃል።

ሰሞኑን የእጅ ሥራ ይዣለሁ፣ ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ ማጠፍ፣ እንደዚህ ያለ። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ክር ሳስገባ ፀሐይዋ ጭኔ ላይ ትመጣለች፣ ያን ጊዜ መርፌውን እንደያዝኩ ሸለብ ያደርገኛል። በእንቅልፌ ውስጥም እሰፋለሁ። ምን እንደምሰፋ ግን አላውቀውም፤ ጨርቁ ያልቅ አይመስልም።

ይህን ያህል ነው። ራስሽን ጠብቂ።

አክስትሽ


የካቲት 10

ለእቴቴ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ከወረቀቱ ይልቅ ፖስታው ይከብድ ነበር፤ ገልብጬ አየሁት፣ ሌላ ገጽ የለውም።

ለምን የእጅ ሥራ? ይህ እኮ የሠርግ ሰሞን ነው። እኔ የማውቀው በዚህ ወቅት መኪናሽ ከጎህ ጀምሮ ሲያጓራ፣ አንቺ ፔዳሉ ላይ ሆነሽ በጥርስሽ ክር ስትበጥሺ ነው። ስለ ጫማው ቀለም ነገርሽኝ እንጂ አደረግኩት አላልሽኝም። ስለ እንግዶቹ ነገርሽኝ እንጂ ስለ እግርሽ አንድ ቃል የለም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አለች፣ የእሷም እግር እንዳንቺ ነው። ቀኑን ሙሉ ትቆማለች። ሰው ዞር ሲል ከእብነ በረዷ ሴት ጀርባ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ታሳርፋለች። ሐኪም አይቷት ይሠራልሽ ብሏታል። «አክስትሽ ምን ትላለች?» እያለች ታስቸግረኛለች። ምን ልበላት?

ትናንት በሕልሜ አዳራሹ በእውነተኛ ውሃ ሞልቶ አየሁ። አንቺ በትንሽ ጀልባ ስታልፊ ጠራሁሽ፤ እጅሽን አነሳሽልኝ እንጂ አልቆምሽም።

ጭራሮሽ


ሚያዝያ 18

ለልጄ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። እኔ እጅግ በጣም ደህና ነኝ።

ለባልደረባሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፦ ምንም ነገር የለውም። ተኝቶ መነሳት ነው። ዛሬ ነገ ሳትል ታድርገው። እኔ አሁን እንደ ሚዳቋ ነኝ፣ ጫማውም ልክክ ብሎልኛል። ሕልምሽን ደግሞ በበጎ ተርጉሜዋለሁ፣ ውሃ በረከት ነው።

በይ ደህና ሁኚ። ሥራ ስላለብኝ ነው ያሳጠርኩት።

አክስትሽ


ግንቦት 6

ለእቴቴ፣

ሰላምታዬ ይቅደም። ደብዳቤሽ ሲዘገይ ደጋግሜ የፖስታ ሳጥኑን በባዶ እጄ ዘግቼ ነበር፤ ሲመጣ ደግሞ ይኸውና ደስ አሰኝቶኛል።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ፣ አትቆጪኝ። ባልደረባ የለኝም። እግሩ የእኔ ነው። አያቴ ለአንቺ ብቻ አልነበረም ለካ ጉልላቷን ያወረሰችው፤ እኔም ጋ ደርሷል፣ በግራ እግሬ። ከሁለት ዓመት በላይ ሆነው። ያልነገርኩሽ፣ ያንቺው ሳያንስ የእኔን እንዳትሸከሚ ብዬ ነው። ከሥራ ስመለስ ደረጃውን በቂጤ እየተቀመጥኩ የምወጣበት ቀን አለ። እሑድ ከቤት አልወጣም። የክፍሌን ግድግዳ ከሥዕሎቹ ይልቅ አውቀዋለሁ።

ያንቺን «እንደ ሚዳቋ ነኝ» ስሰማ ሄጄ ቀጠሮ ያዝኩ። አለቃዬ ምክንያቱን ሳልነግረው አጭር ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ ከዚያ በኋላ ተመልሼ እቆማለሁ። ላማክረው የምችል ሌላ ሰው የለኝም። ያንቺ ቃል ይበቃኛል።

ጭራሮሽ


ግንቦት 19

ጭራሮዬ፣ ዓይኔ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ደብዳቤሽን አሁን ተቀብዬ፣ ጨርቄን ወርውሬ ነው የተቀመጥኩት። ዛሬውኑ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ።

እንደ ሚዳቋ አይደለሁም። ጫማውም አልገባልኝም። ሳጥኑ ውስጥ ነው።

እንደነበረው ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍ ማደንዘዣው ገና አልለቀቀኝም ነበር። ሲለቀኝ ግን እግሬ ውስጥ አናጢ የገባ መሰለኝ። እየመታ፣ እየጠረበ። አንሶላው ሲነካኝ እንደ ብረት ይከብደኝ ነበር፣ ጋሽ መምህር ከጓዳ የልብስ ቅርጫት አምጥተው እግሬ ላይ ደፉልኝ፣ አንሶላው በላዩ እንዲያልፍ። ያ ሕመም አለፈ፣ አልዋሽሽም፣ መድኃኒቱም ረዳኝ። ተረከዝ ብቻ በሚረገጥበት ጫማ፣ በክራንች፣ ቤት ውስጥ እግሬን እየጎተትኩ ዞርኩ። ክሩ ሲወጣ ስፌቱን አገላብጬ አየሁት፤ እኔም ብሆን ከዚያ የተሻለ አልሰፋም።

የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እግሬ ቀጥ አለ፣ አማረ። ሰው እየመጣ «እሰይ! እሰይ!» አለኝ። ከሥሩ ግን ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ኤሌክትሪክ የነካው ያህል ንዝር ያደርገኛል። ማታ ሲሆን እንደ ዳቦ ይነፋል። ጉልላቱ ሳለ የሚያየኝ ሁሉ «ውይ፣ እንዴት ቻልሽው?» ይለኝ ነበር። ቀጥ ያለ እግር ይዘሽ አመመኝ ብትይ ግን ማን ያምንሻል? እኔም ማለቱን ተውኩት። አንቺ ደግሞ ከዚያ ማዶ ለድንጋይ ሴት ሳይቀር የእኔን መዳን እያወራሽ ደስ ብሎሻል። ያንን ደስታሽን በየትኛው እጄ ልቀማሽ?

የሙሽራ ቀሚስ ተቀብዬ ነበር። መኪናው ላይ ተቀምጬ ፔዳሉን ስረግጥ ጣቴ አልታጠፍ አለ። መርፌው ሁለት ሄዶ ይቆማል፣ ሁለት ሄዶ ይቆማል። የሙሽራዋ እናት መጥታ አጠገቤ ቆማ አየችኝ።

«እትዬ፣ ሠርጉ እኮ ደርሷል» አለችኝ።

«እጨርሰዋለሁ።»

«አይ፣ ግድ የለም፣ እርስዎ ይረፉ» ብላ ጨርቁን አጥፋ ብብቷ ሥር ከተተችው። ስታጥፈው እንኳ በቀስታ ነበር፣ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው። ከመሄዷ በፊት ጉንጬን ሳመችኝ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። የእጅ ሥራ የያዝኩት ያኔ ነው፣ ልጄ።

ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። የራጅ ፎቶውን በብርሃን አይተው «አጥንቱ በደንብ ገጥሟል» አሉኝ።

«እሱ ከገጠመ ታዲያ ማነው የሚያመኝ?»

ሳቁ፣ ከዚያ መሳቃቸውን ተዉ። «ነርቩና ሥጋው ገና ናቸው። እብጠቱም መገጣጠሚያውም ዓመት ሊወስድ እንደሚችል ነግሬዎት ነበር» አሉ። እውነት ነው፣ ነግረውኛል። እኔ የሰማሁት የፈለግኩትን ብቻ ነው። ጣቴን በእጄ እንዳጥፍ፣ ቁራጭ ጨርቅ መሬት ጥዬ በእግር ጣቶቼ እንዳነሳ አዘዙኝ። ዕድሜዬን ሁሉ በእጄ የለቀምኩትን ብጥስጣሽ፣ ይኸውና በእግሬ ስለቅም ከረምኩ።

ቀን ቀን ስተኛ እናቴ ትመጣ ነበር። አልጋዬ ግርጌ ትቀመጥና ያመመኝን እግር ጭኗ ላይ ታደርገዋለች። እጇ አይከብድም። እኔም ሳልነቃ እንደነቃሁ ሆኜ ደጁ ላይ የልጆች ድምፅ፣ የቧንቧ ውሃ፣ የነጋዴ ጥሪ ሁሉ ከሩቅ ይሰማኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ሕመሜን ለማንም ሳልናገር ለሙት ብቻ ነበር የማሳየው።

አሁን ደግሞ ይህንንም ስሚ፣ ይህም እውነት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ተነስቼ ውሃ ጣድኩ። የወተት ሻጯ በሩን መታች፣ ከፈትኩላት፣ ስለ ልጇ ትንሽ አወራን። ወተቱን ጥጄ፣ ደረጃውን ወርጄ ልብስ አሰጣሁ። ነፋሱ አንሶላውን ፊቴ ላይ ሲያለብሰኝ ሳቅኩ። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ቁጭ ካልኩ በኋላ ነው «ውይ! እግሬስ?» ያልኩት። ረስቼው ነበር። ጭራሮዬ፣ እግር እንዳለኝ ረስቼ ነበር! ስንት ዓመት ሙሉ አንድ እርምጃ ሳላስበው ተራምጄ አላውቅም። በአንድ ጊዜ አለቀስኩ። ወተቱ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው።

በማግሥቱ ደግሞ አመመኝ። ግን እንደ ድሮው አይደለም። የድሮው ሕመም የቤቱ ባለቤት ነበር፤ ይሄኛው እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። ጣቴ ዛሬም እስከ መጨረሻው አይታጠፍም። ጫፉን ስነካው የሌላ ሰው ጣት ይመስለኛል። ለመኪናዬ ሞተር አስገጥሜለታለሁ፣ በግራ እግሬ ነካ አደርገውና ይሄዳል። ትናንት አንድ ሙሉ ቀሚስ ጨረስኩ።

አድርጊ አልልሽም፣ ተይም አልልሽም። እግሩ ያንቺ ነው። እንዲያምርልሽ ብለሽ ግን አታድርጊው፤ ጫማ ፈልገሽም አታድርጊው። በአጭር ፈቃድ ተመልሼ እቆማለሁ ማለቱን እርሺው። ከሁሉ በላይ ብቻሽን ሆነሽ አታድርጊው። የእኔን ዝምታ እንዳትደግሚው።

እሑድ ከቤት አልወጣም ያልሽው አላስተኛኝም።

አክስትሽ


ሰኔ 25

ለእቴቴዬ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለጋሽ መምህር፣ ሰላም ለልብስ ቅርጫቱ።

ደብዳቤሽን አዳራሹ መሃል ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። መቀመጥ ክልክል ነው። አንዲት አሮጊት ጎብኚ አጠገቤ አንቀላፍተው ነበር፤ ስነፈርቅ ነቁና ምንም ሳይጠይቁ ሶፍት ሰጡኝ፣ ተመልሰውም ተኙ። መጀመሪያ ተናደድኩብሽ። ያ ሁሉ ጊዜ ብቻሽን! ከዚያ የእኔም ሥራ ያው መሆኑ ትዝ አለኝና ንዴቴን ዋጥኩት። ምን ዓይነት ዘር ነን? ሕመም ስንደባበቅ ባሕር ተሻገርን።

በነጋታው አለቃዬን አነጋገርኩት። «ቆሜ መዋል አልችልም» አልኩት። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ዋጥኩት መሰለሽ። «ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም?» አለኝ፣ ወንበርም አስመጣልኝ። ተቀምጬ ሳየው ባሕሩ ሌላ ባሕር ነው፤ አድማሱ ዝቅ ብሎ ዓይኔ ፊት መጣ።

ሐኪሙ ዘንድም ተመልሼ ያልጠየቅኩትን ሁሉ ጠየቅኩት። ያንቺን ደብዳቤ እያየሁ ነበር የምጠይቀው። የተሻላቸው ይበዛሉ፣ ቅር ያላቸውም አሉ አለኝ፤ ጊዜውንም አላሳጠረልኝም። ቀጠሮውን ወደ ጥቅምት አዛወርኩት፣ ፈቃዴንም አስረዘምኩት። አደርገዋለሁ፣ እቴቴ። ለቁንጅና አይደለም። ውሃ ጥጄ መርሳት ስለምፈልግ ነው።

ብቻሽን አታድርጊው አላልሽም? እንግዲህ ነይልኝ። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግን መስኮቷ ትልቅ ነው፣ ሁለት አልጋ ትችላለች። የጥሪ ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አስፈርቶኛል። የአውሮፕላን ማረፊያው መተላለፊያ ረጅም ነው፣ ደህና እግር ያለውም ይደክመዋል። ተሽከርካሪ ወንበር ይዘው እንዲቀበሉሽ ልጠይቅ? ትቆጪኛለሽ ብዬ ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ሰረዝኩት።

ጭራሮሽ


ነሐሴ 12

ለልጄ፣

በያለሽበት ሰላም ያግኝሽ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰላምታዬን እኔው ራሴ በአካል አደርስሻለሁ።

ቪዛው ተሰጠኝ። መኪናዬን አልብሼ፣ ቁልፉን ለጋሽ መምህር ሰጥቻለሁ። «የማን ቀሚስ ላበላሽ?» ብለው ይቀልዳሉ፣ ዓይናቸው ግን ቀልቷል። ትኬቱ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀጠሮሽ ሳይደርስ እደርሳለሁ።

ስለ ወንበሩ ጠይቂልኝ። ድሮ ቢሆን «ምን ሆኜ!» ብዬ ፖስታውን እቀደው ነበር። አሁን ግን ደክሞኝ ሳለ አልደከመኝም ማለት ሰለቸኝ። አንድ ጎልማሳ መጥቶ ይግፋኝ፣ እኔም መንገደኛውን ግራ ቀኝ እያየሁ ልለፍ፣ ምን ቸገረኝ።

የመጨረሻው በር ጋ ስንደርስ ግን «ልጄ፣ እዚህ አውርደኝ» እለዋለሁ። አንቺም አጥሩ ጋ ቆመሽ አትጠብቂኝ፣ ወደ እኔ ነይ። አንቺ በግራሽ እያነከስሽ፣ እኔ በቀኜ እያነከስኩ፣ መሃል ላይ እንገናኝ።

አክስትሽ